የዮሐን ክሩምባይን ሠላሳ ሬሳዎች

«በመጀመሪያው ምት ጭንቅላቱን እንደ ዱባ ለሁለት ከፈለው!» ሬባ ለበዓሉ ልትለማመድ ጋሪ ላይ ቆማ በባዶ እጇ አየሩን ቆረጠች። «በሁለተኛው የሦስት ሰው አንገት በአንዴ! ደሙ የጎተራውን ጣሪያ ዘሎ የጎረቤት ላም ላይ ዘነበ!»

«ላሟስ?» አለ የአጎቷ ልጅ ዴል፣ ከታች ሆኖ የተቀቀለ እንቁላል እያላመጠ።

«የላሟ ዘሮች እስከ ዛሬ ቀይ ወተት ነው የሚታለቡት።»

«ሂጂ ወዲያ! አምና እኔ የጨመርኩት ይበልጣል። ዮሐን የተቆረጠ ራሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሦስት ቀን ተዋጋ አልኩ። አክስቴ ቨርና ስትስቅ ሰው ሠራሽ ጥርሷ ሾርባ ውስጥ ገባ።»

የክሩምባይን ዘር በሙሉ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዛፎቹ ሥር ይሰበሰባል። ሁለት መቶ ሰው እስኪጠግብ በልቶ ሲያበቃ፣ በዚያ ዓመት ዐሥራ አራት የሞላው ልጅ ጋሪ ላይ ይወጣና የዘሩን መጀመሪያ የዮሐንን ታሪክ ይተርካል። ዮሐን ከጀርመን በመርከብ መጥቶ የፔንሲልቬንያን ጫካ መነጠረ፤ በ1763 በበረዶው ወራት ቤቱን የከበቡትን ቀይ ሕንዶች በመጥረቢያ ፈጅቶ እሱም እዚያው ወደቀ። ተራኪው ካለፈው ዓመት የበለጠ ነገር መጨመር ግዴታው ነው። በሬባ አያት ልጅነት አምስት የነበሩት ሬሳዎች ታዲያ አሁን ሠላሳ ደርሰዋል።

ሬባ ደግሞ በውሸት የተካነች ናት። አንድ ጊዜ መምህሯን «የቤት ሥራዬን ዳክዬ በላብኝ» ብላ፣ እንዲያምኗት ዳክዬዋን ክፍል ድረስ ይዛላቸው ሄዳለች። አያቷም ይህቺ ልጅ ጋሪው ላይ የምትወጣበትን ቀን ከተወለደች ጀምሮ ነው የሚጠብቀው። እሷ ግን ላሟ ብቻ አልበቃቻትም፤ ማንም ያላገኘው ነገር ፈለገች። ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀር የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ወደሚጠብቁት፣ የድሮዎቹን ቄሶች የጀርመንኛ ጽሕፈት ማንበብ ወደሚችሉት ብቸኛ ሰው፣ ወደ እትዬ ኤርማ ሄደች።

«የ1763ን የቀብር መዝገብ ያሳዩኝ።»

«እዚያ የለም።»

«ገጹ ተቀዷል እንዴ?»

«ገጹማ አለ። ሰውየው ነው የሌለው።» አሮጊቷ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ገፋ አደረጉ። «ሁላችሁም እየመጣችሁ ያንኑ ዓመት ትከፍታላችሁ፣ ስታጡት ‹ጠፍቷል› ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ወደፊት የሚገልጥ አንድ ሰው አላየሁም።» ስምንት ዓመት ገለጡ። «ይኸው፣ 1771። አልጋው ላይ ነው የሞተው።»

የዚያን ዘመን ቄሶች ሰው ሲቀብሩ የሟቹን ሕይወት መዝገቡ ላይ ያሰፍሩ ነበር። እትዬ ኤርማ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ አነበቡ።

«‹ከመሞቱ በፊት ይህን ነግሮኝ እንድጽፈው ለመነኝ። በዚያ በረዶ ጎረቤቶቹ ሕንድ ሊገድሉ ሲወጡ እሱም መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ከወንዙ ማዶ መጥረጊያ እየሠሩ ለሚስቱ የሚሸጡ ሕንዶች ጎጆ ነበረች። ሰውየው በሩን ከፈተለት፣ በስሙ ጠራው፣ እሳቱ አጠገብ ቦታ ለቀቀለት። እንጨት ሊጨምር ጎንበስ ሲል ዮሐን ማጅራቱን መታው። ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች፤ እጇን ቆረጠው፣ ከዚያ ደረቷን። ልጁ አልጋ ሥር ገባ። ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። በእግሩ ጎትቶ አወጣው።›»

ጣታቸው ቆመ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንዴት እንደገደለው ተጽፏል። እሱን አላነብልሽም።» ሁለት መስመር ዘለሉ። «‹ሚስቱ አፖሎንያ ከዚያች ቀን ወዲህ አንድ ቃል ሳትናገረው ሞተ።›»

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ካወቅሁ አርባ ዓመቴ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«የጠየቀኝ የለም።» መዝገቡን በቀስታ ዘጉት። «ደግሞ ፈሪ ነኝ። ባሌም ክሩምባይን ነበር።»

ሬባ ያነበቡላትን ወረቀት ላይ ገልብጣ ወጣች።

በበዓሉ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ጀርባ ወረቀቱን ለዴል አሳየችው። ዴል አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ነጣ፤ ቀጥሎ ቀላ።

«ይኼን ልታነቢ ነው? አያታችን ፊት?»

«አላውቅም።»

«አብደሻል! እዚህ ያለው ሰው ሁሉ የነፍሰ ገዳይ ልጅ ነህ ሊባል ነው?»

«ሠላሳ ሰው ገደለ ስንልስ ምን ነበርን?»

ቡጢው ሲመጣ አላየችውም። ከንፈሯ ጥርሷ ላይ ፈነዳ፣ አፏ ደም ደም አለ። ዘላ ጆሮውን ነከሰችው። ሣሩ ላይ ተንከባለሉ፤ በጉልበቱ ሆዷን መታት፣ በጥፍሯ አንገቱን ቦጨቀችው። በመጨረሻ ዴል ደረቷ ላይ ተቀመጠና ወረቀቱን ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ከተተው። እያለቀሰ አላመጠው፣ ዋጠው።

«እስቲ አሁን አንብቢ!» አላት።

«ሬባ! ጋሪው እየጠበቀ ነው!» አያቷ በወጥ ቤቱ ጥግ ብቅ አለ። ዴል ከላይዋ ላይ ዘሎ ተነሣ። ሽማግሌው አገጯ ላይ የሚወርደውን ደም ሲያይ ፊቱ በራ። «አይ የኔ ልጅ! ቀለም ሳይቀር ተቀብታ! ይኼንንስ ማንም አልጨመረም!» ብሎ በሁለት እጁ ጋሪው ላይ አወጣት።

ሕዝቡ እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን እየደበደበ ጮኸ፦ «ስንት ገደለ? ስንት ገደለ?»

ላሟ ምላሷ ላይ ነበረች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ዛፎቹ ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ አያቷም እስኪሞት ያወራላታል። ከፊት የአክስቷ የቨርና ትንሽ የልጅ ልጅ ሣሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ያያታል። ጫማው ተፈቷል። ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው።

ሬባ ደሙን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሦስት» አለች።

ሳቁ ፈነዳ። «ሃያ ሰባቱ የት ሄዱ?» አለ አንዱ። «ምሳ ወጥተው ነው!» መለሰ ሌላው። ከሁሉም በላይ የሳቀው አያቷ ነበር፤ ጭኑን እየመታ «ቀጥዪ! ቀጥዪ!» አለ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ጊዜ ወሰደ።

«መጀመሪያ የሞተው በሩን የከፈተለት ሰውዬ ነው» አለች።

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው አሁንም ይስቃል። ዴል ፊቱን ወደ አንዱ ዛፍ ግንድ አዞረ። የአያቷ እጅ ጭኑ ላይ ቀረ።

«ሬባ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ነይ ውረጂ፣ ልጄ።»

ሬባ ከጋሪው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ መሐል ገባች።

«እሳቱ አጠገብ ቦታ ለቀቀለት» አለች።