ፀሐይ በኪሎ ስትመዘን

«ፀሐዬ» አለኝ ሐጋይ፣ እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ ባቡር ጣቢያ በተዋወቅን ሰሞን።

ተናደድኩ። የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፤ ስድብን ከሙገሳ እለያለሁ።

«ፀሐይ በኪሎ ስትመዘን ምን ያህል ደካማ እንደሆነች ታውቃለህ? በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ኪሎ ሰው የሚሰጠው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ ፀሐይ ከሚሰጠው በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል።»

«ታዲያ በምኗ ነው የምታቃጥለን?»

«በብዛቷ።»

ሳቀ። ቆመን ስናወራ ባቡሩ አመለጠን። ከዚያ ወዲህ ወደድኩት፣ እየተናደድኩም ቢሆን።

በኋላ ሽማግሌ ላከ። በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ ከጋብቻ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። የሐጋይ ታላቅ አጎት አባ ጎሹ ኦሺዮት ሰፈር፣ እኛ ቤት ሳሎን ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ዘራችሁ እዚህ ላይ ይገናኛል። እህትህ ናት።»

አንድ ቤት ጎደለን! አንድ!

ከዘመዶቻችን አንዳቸውም ክፉ አይደሉም። እናቴ ሐጋይን ትወደዋለች። የእሱ እናት እማማ እልፍነሽ እጄን ይዘው ያለቅሱ ነበር። ለየብቻቸው ለብ ያሉ ናቸው፤ ሲሰበሰቡ ግን አቃጠሉን።

ሐጋይን አየሁት። አቀርቅሯል። ቴል አቪቭ ሰልፍ ላይ ከፈረሰኛ ፖሊስ ፊት ቆሞ የጮኸ ልጅ፣ አባ ጎሹ ፊት አንድ ቃል አጣ! እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ወጣሁ። እስከ ጣቢያው በእግሬ ሄድኩ።

እያለከለከ ደረሰብኝ።

«ባቲ፣ ቁሚ!»

«ዳይ! ይበቃል! እህትህ አይደለሁ? አፍህ መከፈት የነበረበት እዚያ ነበር!»

«ተከፈተ። አንቺ ስትወጪ ተነሣሁ። ‹አባቴ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን አገባታለሁ› አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ሁሉም ተከተሏቸው። እናቴም። እናትሽም አልድርም አለች። ሠርጋችን ላይ ማንም አይመጣም፣ ባቲ።»

እጄን ያዘ። እጁ ይሞቅ ነበር። ንዴቴ አልበረደም። ያለ እናቴ እልልታ ልዳር ነው? ደግሞ ለምን እስክወጣ ጠበቀ?

«እነሱ ብዙ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ሰባ ኪሎ ነኝ። ይበቃሻል?»

«አይበቃም!» ብዬ ጮህኩበት፤ ባቡር የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ። «የእኔን ኪሎ ጨምርበት።»