ለእሷ ብቻ የሚታየው መስኮት

መጋረጃ ሰፊዋ ድረ ገጽ መሥራት ልትማር የሄደችው በአክስቷ ትእዛዝ ነበር። አክስቷ ከደንበኛ ጋር ስታወራ «ዛሬ ዛሬ ሱቅ ማለት ስልክ ውስጥ ያለው ነው» የሚል ነገር ሰማችና አላስቀምጥ አላት።

«እኔ እንኳ አርጅቻለሁ። አንቺ ተማሪና ሱቃችንን እዚያ ውስጥ ክፈቺልን» አለቻት።

ሱቅ ስልክ ውስጥ እንዴት እንደሚከፈት ሁለቱም አያውቁም። ግን አክስቷ አንዴ ካለች አለች ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፣ መርፌ መያዝ ያስተማረቻትም እሷ።

ትምህርቱ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ይሰጣል። ኮምፒውተሮቹ ከተማሪዎቹ ስለሚያንሱ ሁለት ሁለት ሆኖ መቀመጥ ግድ ነው። መምህሩን ተማሪዎቹ ጋሽ ነጥብ ነው የሚሏቸው፤ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «ልጆች፣ በአንዲት ነጥብ ቤት ይፈርሳል» ስለሚሉ። በመጀመሪያው ቀን አርፍዳ ስትገባ የቀረው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ ከታፔላ ጸሐፊው ጎን።

ታፔላ ጸሐፊው ከጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። የሱቅ ስም በብሩሽ መጻፍ ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ በማሽን የታተመ ፕላስቲክ እየሰቀለ እሱን የሚጠራው ጠፋ። እንግዲህ ስም የሚጻፍበት ግድግዳ ከተለወጠ እኔም ልለወጥ ብሎ ነው የመጣው።

ጋሽ ነጥብ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሳጥን ሣሉ። «በጽሑፉና በሳጥኑ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ፓዲንግ ይባላል። ሳጥኑን ከጎረቤቱ የሚያርቀው ደግሞ ማርጂን ነው» አሉ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ገባሽ?» አላት ታፔላ ጸሐፊው በሹክሹክታ።

«ሁለት መጋረጃ ጎን ለጎን ስትሰቅል በመሃል የምትተወው ማርጂን ነው። ፓዲንግ ደግሞ አበባው የጨርቁን ጠርዝ እንዳይነካ ዙሪያውን የምትተወው ባዶ ቦታ» አለችው።

ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሰፊዋ» ይላት ጀመር። እሷም በፋንታዋ «ቀለሙ» አለችው። እሱ ቀለም ያስተምራታል፤ ቀይ ጽሑፍ አረንጓዴ ላይ ከተጻፈ ዓይን እንደሚያጣላ፣ ነጭ ቦታ ሲበዛ ስሙ እንደሚጎላ። እሷ ልክ ታስተምረዋለች። ማውሱ ግን አንድ ብቻ ነበር። አንድ ማውስ ለሁለት ወጣት ምን መዘዝ እንደሚያመጣ ትምህርት ቤቱ አላሰበበትም፤ እጃቸው በተነካካ ቁጥር ሁለቱም ይቅርታ ይላሉ፣ ሁለቱም ይቅርታ የጠየቁበትን ነገር ደግመው እስኪያደርጉት ይቸኩላሉ።

አንድ ከሰዓት ዝናብ ያዛቸውና ደረጃው ላይ ቆመው ቀሩ።

«ሥራ እንዴት ነው የምታገኘው?» ብላ ጠየቀችው።

«በየደጁ እየዞርኩ። መጋረጃው የተዘጋ ቤት አላንኳኳም፤ ሰው አልፈልግም ማለቱ ነው። መጋረጃው ከተከፈተ አንኳኳለሁ።» ቀጥሎም «የናንተ ሁልጊዜ ዝግ ነው» አለ።

በደጃቸው ያልፋል ማለት ነው። «ፀሐይ ጨርቁን ያደበዝዘዋል ብላ አክስቴ አታስከፍትም» አለችው።

«እኔ እኮ አልተቀየምኩም» ብሎ ሳቀ። ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱም ያላዩ መስለው ትንሽ ቆዩ።

የፎቶ ትምህርት የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ነጥብ ፎቶ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚገባ ሲያስረዱ ቀለሙ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ስለነበር የጆሮው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበረበት። ልንገረው ወይስ በመሀረቤ ልጥረግለት ስትል፣ ልጥረግለት ያለችው ሐሳብ ደግሞ ሲያስደነግጣት፣ ትምህርቱ አለቀ። ከሰሌዳው ላይ የቻለችውን ገልብጣ ወጣች። ጋሽ ነጥብ በመጨረሻ ደጋግመው የተናገሩት ማስጠንቀቂያ በዚያ ሰማያዊ ጆሮ አጠገብ አልፎ ሄደ።

በመጨረሻው የትምህርት ቀን ቀለሙ ከደረጃው ሥር ጠበቃት።

«ወንድሜ ሌላ ከተማ ማተሚያ ቤት ከፍቷል። ና አብረን እንሥራ ይለኛል። የሚመጣው እሁድ ጠዋት እሄዳለሁ።»

«ትመለሳለህ?»

«የምመለስበት ነገር ካለ» አለና አያት። አስተያየቱ ጥያቄ ነበር፤ ይሄን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

ሆዷ ብዙ ያውቅ ነበር። አፏ ግን «መልካም መንገድ» አለ። ምላሷን እዚያው ብትነክሰው በወደደች።

«ገጽሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ። ከመሄዴ በፊት ልየው» ብሏት ተለያዩ።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቷ ጨርቅ ልትገዛ ስትወጣ መጋረጃ ሰፊዋ በመንገድ በኩል ያለውን መጋረጃ ይዛ ቆመች። በዚህ ቤት ስታድግ አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም። ሳበችው። ብርሃኑ እስከ ስፌት መኪናው ድረስ ገባ። ፎቶ አነሳችውና ወዲያው ዘጋችው። አክስቷ ለዚሁ ሥራ በገዛችላት አሮጌ ኮምፒውተር ፎቶውን ከገጹ ታች አስገባች፤ ከዚያው ላይ ከፍታ ስታየው መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይታያል። ገጹን ኢንተርኔት ላይ አወጣችና አድራሻውን ከአጭር መልእክት ጋር ላከችለት፤ «ገጹ አልቋል። መጨረሻው ላይ ያለውን እየው። መልሴ እሱ ነው።»

ያን ቀን የሰፋችውን ሁሉ ፈታ ደግማ ሰፋችው። አመሻሹ ላይ ስልኳ ጮኸ።

«አየሁት። ገባኝ። ደህና ሁኚ» ይላል።

ደግማ ደጋግማ አነበበችው። በር ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና አለች፤ የሚያልፍ ሰው ነበር። እሁድም አለፈ። እሱ አልመጣም።

አየው፤ ገባው፤ ሄደ። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ይጠየቃል? ልቤን አውጥቼ መስኮት ላይ ሰቀልኩለት፣ እሱ ደህና ሁኚ አለኝ ብላ አንጀቷ አረረ። ዝም አይነቅዝም ብላም ዝም አለች።

ናፍቆት ግን ዝም አይልም። መንገድ ላይ በብሩሽ የተጻፈ ታፔላ ስታይ እግሯ ይቆማል፤ የፊደሎቹን ጅራት ከእሱ እጅ ጋር ታስተያያለች። የሱቁን ገጽ አዲስ ጨርቅ በመጣ ቁጥር ታስተካክላለች፤ ቀለም ስትመርጥ «ይሄስ ዓይን ያጣላል?» ብላ ወደ ጎኗ ዞር ትላለች፣ ጎኗ ማንም የለም። በየጊዜው ገጹን ከኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ ታች ያለውን መስኮት ታያለች። ልታጠፋው ትልና እጇ እምቢ ይላታል። አክስቷ ከዚሁ ኮምፒውተር ላይ ፎቶውን አንድ ጊዜ አይታ «ለፎቶ ብለሽ ፀሐይ አስገባሽብኝ? ቢሆንም መጋረጃው አምሮበታል» ብላ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሲመጣ፣ አክስቷ ከፀጉር ቤት ፊቷን አጥቁራ ገባች።

«አዋረድሽኝ፣ ልጄ።»

«ምን አደረግኩ?»

«የልጄን ሥራ እዩ ብዬ በሰው ስልክ አስከፍቼ እስከ ታች ባሳይ፣ መስኮቷ የለችም። ባዶ ሳጥን። በሌላ ሰው ስልክ አስከፈትኩ፣ ያው ባዶ ሳጥን። ድሮም እንዲሁ ነው አሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው፣ ለካ ሰው ሁሉ ሲያውቅ እኛ ነን ያላወቅነው።»

መጋረጃ ሰፊዋ መቀሱን አስቀመጠች። ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር ጫማ ቤቱ ድረስ ሄደች። ጋሽ ነጥብ የገጹን ኮድ አንዴ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፎቶው ያለው ያንቺ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ከገጹ ጋር አብረሽ አላወጣሽውም። ከራስሽ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቺው ለአንቺ ይታያል፤ ለሌላው ሰው ባዶ ነው። ይሄን እኮ ለምኜ ነው የነገርኳችሁ። ያን ቀን ቀርተሽ ነበር?»

«ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ።

መንገዷን ሁሉ ያን መልእክት በልቧ ደጋገመችው። መልሴ እሱ ነው ብላ ባዶ ሳጥን ነው የላከችለት። እሱም አየው፤ ገባው። እነዚያን ወራት ሁሉ እሷ በእሱ ስታዝን፣ እሱ ደግሞ በእሷ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን የገለጠችው መስሏት ነበር የደበቀችው።

ቤት ገብታ ፎቶውን ከገጹ ጋር አወጣችው። በዚህኛው ጊዜ በጎረቤት ስልክ ከፍታ አረጋገጠች። ከዚያ ደወለች። ትዳር ይዞ ይሆን? ቢይዝስ? ቢያንስ ባዶ እንዳልነበረ ይወቅ።

«ሃሎ» አለ። ከኋላው የማተሚያ መኪና ይጮሃል።

«እኔ ነኝ። ሰፊዋ።»

የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሄደ። በር ሲዘጋ ሰማች።

«ደህና ነሽ?»

«ያኔ የላክሁልህ ገጽ መጨረሻ ላይ ምን አየህ?»

«ምን አስታወሰሽ አሁን?» ትንፋሹን ሳበ። «ባዶ ሳጥን። መልሴ እሱ ነው አልሽኝ። ከዚህ የበለጠ እንዴት ይነገራል ብዬ ሄድኩ።»

«ባዶ አልነበረም፣ ቀለሙ። ፎቶ ነበረበት። አገባቡን አበላሽቼው ለእኔ ብቻ ነበር የሚታየው። ጋሽ ነጥብ ያን ሲያስተምሩ አልሰማኋቸውም።»

«የት ሄደሽ?»

«አጠገብህ ነበርኩ። ጆሮህ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበር።»

 

«አሁን ክፈተው» አለችው።

ጠበቀች። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ትንፋሹም ቆመ።

«መስኮታችሁ ነው» አለ።

«አዎ።»

«መጋረጃው...»

«አዎ።»

«በዚያ ደጅ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ብታውቂ» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል። «እዚህ ከመጣሁ በኋላ እንኳ ገጽሽን እየከፈትኩ አያለሁ። ጽሑፉን አነብና ያ ሳጥን ጋ ስደርስ እዘጋዋለሁ።» ከዚያ ጠየቃት፤ «አሁንስ? አሁንም ክፍት ነው?»

መጋረጃው እንደ ወትሮው ዝግ ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ያዘችና ተነሥታ በሁለት እጇ ሳበችው። ቀለበቶቹ ዘንጉ ላይ ተንሸራተው ጮሁ፤ የሰነበተ አቧራ ተነሣ።

«ክፍት ነው» አለች።

«እንዳትዘጊው። እመጣለሁ።»

አክስቷ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አለች። ፀሐይዋ በቀዩ ጥቅል ጨርቅ ላይ ቀጥ ብላ ወርዳለች። ልትናገር አፏን ከፈተችና የልጇን ፊት አይታ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ወገቤን እያለች ተነሣች፣ ጥቅል ጨርቆቹንም አንድ በአንድ እያቀፈች ፀሐይ ወደማይደርስበት ግድግዳ ታዛውር ጀመር።