ሮቶው ሥር የሞተው ሰው

የውሃ አዳዩ የአቶ ምንዋጋው ሬሳ የተገኘው ማለዳ ላይ ነው፤ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ በድርቅ ለተፈናቀሉ ሰዎች በተሠራው መጠለያ፣ ትልቁ የውሃ ሮቶ በተቀመጠበት የሲሚንቶ መደብ ሥር። በጀርባው ተዘርግቷል፤ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ጭቃ ከቦታል። የሮቶው ቧንቧ ክፍት ነው፤ ውሃው ግን ፈስሶ አልቋል።

ኢንስፔክተር ጥሩሐረግ ስትደርስ ሬሳውን ማንም አላነሳውም ነበር። መጠለያውን የሚረዳው የክርስቲያን ተልእኮ ድርጅት ኃላፊ ደርቤ ተቀበላት።

«መልካም ወንድማችን ነበር» አለ። «ከባሕር ማዶ የሚረዱን ምእመናን ዛሬ ይመጣሉ። ውሃው እነሱ ባሉበት፣ ካሜራ እየቀረጸ እንዲታደል ብዬ ቧንቧውን ቆልፌው ነበር። ምንዋጋው አልታገሠም። በጨለማ መጥቶ ከፈተው፤ ጭቃው አዳልጦት ወደቀ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ድንኳኔ ውስጥ። እስኪነጋ አልወጣሁም።»

«መክፈቻው ማን ዘንድ ነው?»

«ሁለት ነው። አንዱን ለሥራው እሱ ይይዛል። አንዱ ይኸው፣ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

ጥሩሐረግ ቁጢጥ አለች። የሟቹን ጫማ ሶል በጣቷ ጠረግ አድርጋ ጣቷን አየችው። ሬሳው ሲነሳ ከጀርባው ሥር የነበረውን መሬት በመዳፏ ዳበሰችው። መክፈቻው ሟቹ አንገት ላይ በክር ተንጠልጥሏል፤ ክሩን ሳብ ብታደርገው ማጅራቱ ላይ ከደረቀው ደም ጋር ተጣብቆ እምቢ አላት።

ጥበቃው አያ ደግሰው ሽማግሌ ናቸው። ሲያነጋግሯት ዓይኗን አያዩም።

«ሌሊቱን በር ላይ ነበሩ?»

«ነበርሁ።»

«ያን ሁሉ ውሃ ሲፈስ ታዲያ አልሰሙም?»

«አልነበርሁም፣ ልጄ። ሚስቴ ታማብኝ እሷ ዘንድ አደርሁ። ከሥራዬ ያስወጡኛል ብዬ ነው የዋሸሁ።»

«ከመሄድዎ በፊት የሰሙት ነገር አለ?»

«ምንዋጋው ከሰው ጋር ሲከራከር ሰምቻለሁ። ‹ከእንግዲህስ አልጠብቅም› ሲል። የሌላውን ድምፅ አልለየሁትም፤ በሹክሹክታ ነው ይናገር የነበረ።»

ነርሷ ሲስተር ዝናሽ የምትተኛው ለሮቶው በሚቀርበው የሕክምና ድንኳን ውስጥ ነው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለቻት ጥሩሐረግ።

«ተጣልተናል። ሕፃናቱ በውሃ ጥም እየደከሙብኝ፣ መክፈቻውን ይዘህ ዝም ትላለህ ብዬ ፈሪ አልሁት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ደክሞኝ ተኝቼ ነበር፤ ሌሊትም ማንም አልጠራኝም።»

ጥሩሐረግ ሦስቱንም በዱቄት ማከማቻው ድንኳን ሰበሰበቻቸው።

«ምንዋጋው ጭቃ አላዳለጠውም» አለች። «የጫማው ሶል አቧራ ብቻ ነው። ከጀርባው ሥር ያለው መሬትም ደረቅ ነው፤ ውሃው የመጣው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ቧንቧውን የከፈተው እሱ አይደለም።»

«መክፈቻውን ከእሱ ወስዶ የከፈተ ይኖራላ» አለ ደርቤ።

«ክሩ ከማጅራቱ ጋር በደም ተጣብቋል። ከወደቀ ወዲህ ማንም አልነካውም። የቧንቧው ቁልፍም አልተሰበረም። የቀረው መክፈቻ አንድ ነው፤ እሱም ከኪስዎ ወጥቶ እንደማያውቅ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ሰዎቹ በእንግዶቹ ፊት እንዲጠሙ ፈለጉ፤ እሱ እምቢ አለ። ከዚያ አዳለጠው ለማለት ጭቃ አስፈለገዎ።»

ደርቤ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ልገድለው አልነበረም። ወደ ቧንቧው ሲያልፍ ደረቱን ገፋሁት። ጭንቅላቱ መደቡን መታው።»

«ሲወድቅ ሞቶ ነበር?» አለች ዝናሽ።

ደርቤ ሱሪው ላይ የነካውን ዱቄት አራገፈ።

«አቶ ደርቤ፣ ሞቶ ነበር ወይ?»

«ያቃስት ነበር።»

«እኔ እኮ እዚያው ነበርሁ» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ስሜን ብትጠራ ይሰማኝ ነበር።»

ፖሊሶቹ ደርቤን ይዘውት ሲወጡ የእንግዶቹ መኪኖች አቧራ እያስነሱ ገቡ። አንድ ሸበቶ ፈረንጅ ወርዶ ዝናሽን ጨበጣትና፣ ውሃው ከመታደሉ በፊት በጸሎት የሚመራቸው ማን እንደሆነ ጠየቃት። ዝናሽ በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ማቃሰቱም። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ከኋላው የነበረው የካሜራ ባለሙያ ማንም ሳያዝዘው ካሜራውን ወደ ሣጥኑ መለሰ።

«ምን እናድርግ ብለሽ ጠይቂያት ይላል» አለች ዝናሽ ወደ ጥሩሐረግ ዞራ።

ጥሩሐረግ ባዶ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉትን ሴቶች አየች።

«ዕቃቸውን ያውርዱ በይው። ጀሪካኖቹን ይጫኑና ከተማ ወርደው ውሃ ያምጡ። ጸሎቱ ይደርሳል።»