ሳይጠይቅ የሚመልሰው ገጽ

ኢንተርኔቱ ተቋርጧል፤ ገጹ ግን መልስ ሰጠ።

ሚጢጢ መጀመሪያ የተሳሳተች መሰላት። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች አንገቷን አስግጋ ሳሎኑ ጥግ ያለውን ራውተር አየችው። አንድም መብራት አይታይበትም። አክስቷ ትልቁን ሸራ ግድግዳው ላይ ለማስደገፍ ስትታገል ሶኬቱን ነቅላዋለች።

«አክስቴ፣ ዋይፋዩን ነቀልሽው እኮ!»

«ቆይ ታገሺኝ፣ እጄ ቀለም ነው» አለች አክስቷ ከሸራው ጀርባ። «ለትንሽ ደቂቃ ኢንተርኔት ባይኖር ትሞቻለሽ?»

ሚጢጢ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰች። ዓይኗ እስክሪኑ ላይ ተተክሎ ቀረ። የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ የአክስቷን ስም እንደገና ጻፈች። ትንሿ ክብ ምልክት እንደ ወትሮዋ ዞር ዞር አለች፤ «በመፈለግ ላይ» የሚለው ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ረጅሙ አድራሻ ከሥር ብቅ አለ፤ ከጎኑም አረንጓዴ ምልክት፤ «ተገኝቷል»።

ከየት አገኘው? ማንን ጠይቆ?

ገጹ የትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክበብ ሥራ ነው። ነገ በኤግዚቢሽኑ ላይ ለወላጆችና ለእንግዶች ይታያል። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ብሎክቼይን በሚባለው፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሚቀመጥ የጋራ መዝገብ ላይ፣ ሰው ገንዘብ የሚቀበልበት አድራሻ የፊደልና የቁጥር ድብልቅልቅ ሆኖ ክንድ ያህል ይረዝማል፤ በቃሉ የሚይዘው ሰው የለም። ስለዚህ ሰዎች በአድራሻው ፈንታ አጭር ስም ያስመዘግባሉ። አንድ ሰው ያንን ስም ገጹ ላይ ሲጽፍ፣ ገጹ ወደ ብሎክቼይኑ ሄዶ «ይህ ስም አሁን የትኛው አድራሻ ላይ ነው ያለው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ይዞ ይመጣል። ሳጥኑን፣ ቀለሙን፣ የምትዞረዋን ክብ፣ ባጠቃላይ ዓይን የሚያየውን ሁሉ የሠራችው ሚጢጢ ናት። ሄዶ የሚጠይቀውን ክፍል የሠራው ደግሞ ጓደኛዋ ራዲዮ ነው።

ራዲዮ የተባለው አፉ ስለማይዘጋ ነው። ሚጢጢ ሰው ፊት መናገር ሞቷ ስለሆነ፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እሱ የሁለቱንም ድርሻ ሲያወራ ኖሯል። ይህ አመቺ ነበር። እስከዛሬ ድረስ።

«አክስቴ» አለች ድምጿን ለዘብ አድርጋ፣ «የአድራሻሽ መጨረሻ ፊደሎች ምንድን ናቸው?»

«የአሁኑ ነው የድሮው?»

«ልዩነት አለው?»

አክስቷ ከሸራው ጀርባ ወጣች። ሠዓሊ ናት፤ ሥዕሎቿን በኢንተርኔት ለሩቅ ሰዎች ትሸጣለች። ብሎክቼይኑ ላይ ያስመዘገበችው ስም «ቀለሜ» ነው። ትምህርት ቤት ሳለች ማንም ጎበዝ ተማሪ ብሏት ስለማያውቅ፣ ስሙን ለራሷ እንዳወጣችው እየሳቀች ትናገራለች።

«እንዴት አይኖረው! ባለፈው ወር ስልኬ ሲሰረቅ አድራሻውን የሚከፍቱት ሚስጥር ቃሎቼም አብረው አልሄዱም? የድሮው አድራሻ አሁን የሌባው ነው በይው። ስሜን ቶሎ ብዬ ወደ አዲሱ ባላዞረው ኖሮ፣ ሥዕሌን የገዛ ሁሉ ሌባ ሲያደልብ ይኖር ነበር።» ስልኳን አውጥታ አነበበችላት።

ሚጢጢ እስክሪኑን አየች። አይገጥምም። ገጹ ያመጣው የድሮውን ነው።

«ነገ መጥቼ አየዋለሁ» አለች አክስቷ ራውተሩን መልሳ እየሰካች። «ከወደድኩት የኔ ድረገጽ ላይ ትሰኪልኛለሽ። ደንበኞቼ ስሜን ብቻ ጽፈው ይላኩ። እናትሽን፣ ‹እህቴ፣ ልጅሽ ጉድ ናት› እላታለሁ!»

አክስቷ ወደ ብሩሿ ስትመለስ፣ ሚጢጢ ራዲዮ የላከውን ኮድ ከፈተችው። በእርግጥ እስከዛሬ ከፍታው አታውቅም፤ ይሠራል ሲላት ይሠራል ብላ ነው የያዘችው።

ብዙ መፈለግ አላስፈለጋትም። የሚጠይቅ ነገር የለም። ጥቂት ስሞችና አድራሻዎቻቸው በቀጥታ ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ የአክስቷም ከድሮው አድራሻ ጋር መሃላቸው አለ። ከእነሱ በላይ ደግሞ አንዲት አጭር መስመር፤ መልሱን ከማሳየትህ በፊት ሁለት ሰከንድ ጠብቅ።

ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ይቺ መስመር ናት። ክቧ ስትዞር እንዳትንቀጠቀጥ ስንት ቀን ለፍታባታለች። ለካ የምትዞረው ለማስመሰል ነው።

«ገጹ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ብላ ለራዲዮ መልእክት ላከችለት። አነበበው። ራዲዮ አንብቦ ዝም ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጠዋት አዳራሹ በጠረጴዛ ጩኸት ተሞልቶ ነበር። ራዲዮ ጠረጴዛቸው ሥር ተንበርክኮ የመብራት ገመድ ይዘረጋል። ጫማዋን ሲያይ ቀና አለ።

«ሙድ ስትይዝብኝ ነበር?» አለችው።

«አይደለም። ስሚኝ። መጀመሪያ ሠርቶልኝ ነበር። አንዴ፤ በእውነት አንዴ ሠርቷል። የምንጠይቀው ሰርቨር፣ ብሎክቼይኑን የሚያነብልን ኮምፒውተር፣ መለሰልኝ፤ እኔም እየሮጥኩ ሄጄ ለቲቸር ነገርኳቸው። ሰልፍ ላይ ስማችንን ጠርተው ያስጨበጨቡልን እኮ ለዚያ ነው። በማግስቱ ስሞክር እምቢ አለ። ምንም መልስ የለም። ነገ ይስተካከላል፣ ነገ ይስተካከላል ስል...»

«እኔስ? ለኔ መንገር አቃተህ?»

ራዲዮ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ነበር። እኛ ቤት የሚወራለት ወንድሜ ብቻ ነው፣ ታውቂያለሽ። እኔን አፍ ብቻ ነው የሚሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለኔ ስታወራ ሰማኋት። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

ይህ አንጀቷን በላው፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

«ዛሬን ብቻ» አለ ራዲዮ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «ስሞቹን እኛ እንጽፋለን፣ ኪቦርዱን ማንም አይነካም። አንድ ቀን ናት በቃ። ከዚያ ቁጭ ብለን እንጨርሰዋለን። እምልልሻለሁ።»

«አክስቴ ትመጣለች። እዚያ ያስቀመጥከው አድራሻ የሌባው ነው።»

«የምን ሌባ?»

ነገረችው። ራዲዮ ክው አለ። አድራሻውን የወሰደው አክስቷ ድሮ ካወጣችው ማስታወቂያ ላይ ነው፤ ስም ዛሬ አንድ አድራሻ ላይ፣ ነገ ሌላ አድራሻ ላይ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል፤ ግን አላሰበበትም።

«እሺ፣ የሷን ብቻ አሁን ልቀይረው...»

«ሌላው ሰው ነገ ቢቀይርስ?»

ይኼኔ የኮምፒውተር መምህርታቸው በጠረጴዛዎቹ መሃል እየተሹለከለኩ ደረሱ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ተሰቅሏል። «እሺ ጀግኖቼ፣ ዝግጁ?»

«አዎ ቲቸር!» አለ ራዲዮ፤ ከአፉ አምልጦ። መምህርቷ ትከሻውን መታ አድርገው አለፉ።

ሚጢጢ ቲቸር ብላ መጣራት ትችላለች። ዝም ማለትም ትችላለች፤ ዝምታ ደግሞ የሠለጠነችበት ሙያዋ ነው። ሁለቱንም አላደረገችም። ላፕቶፑን ገፋ አድርጋ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«እኔ ሄጄ አልከስህም» አለችው። «ግን አክስቴ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስሟን ስትጽፍ፣ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልልም። ከዚያ በፊት የምታደርገውን አንተ እወቅ።»

ራዲዮ ኮዱን ከፈተ። ከዚያ ስሞቹን ከነአድራሻቸው መርጦ አጠፋቸው፤ የሁለት ሰከንዷንም መስመር። መምህርቷን ተከትሎ ሄደ።

ሚጢጢ ከሩቅ አየችው። ሲያወራ የሚወናጨፉት እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። የሚባባሉት አይሰማትም። መምህርቷ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ተያይዘው መጡ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?» አሏት።

«ትናንት ነው ያወቅኩት ቲቸር። ግን...» ቀና ብላ ቀጠለች። «ከዚያ በፊትም ኮዱን ከፍቼ አላየሁም። ስማችን ሲጠራ እኔም አብሬ ቆሜያለሁ።»

መምህርቷ ተነፈሱ። «ሰኞ ሁለታችሁንም ቢሮዬ እፈልጋችኋለሁ። ጠረጴዛውን ግን ጥላችሁ አትሄዱም። ያላችሁን አሳዩ። ገጹ ሲያቅተው አቃተኝ ይበል።»

በሩ ሊከፈት ሲል ሚጢጢ ቁጭ ብላ ይህንኑ ጻፈች። መልስ ካልመጣ ገጹ ምንም አድራሻ አያሳይም፤ በቀይ ብቻ «አሁን መልስ ማግኘት አልቻልንም» ይላል። ራዲዮ ሰርቨሩን የሚጠይቀውን ክፍል ከድሮው ኮዱ አውጥቶ መለሰው። ሞከሩት። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ቀዩ መጣ። እንደገና፤ ቀዩ።

ቀኑ ረጅም ነበር። አጠገባቸው ያለው ሮቦት ሰው ሁሉ ሲሰበስብ፣ እነሱ ጋ የሚቆም እንግዳ ስም ጽፎ ቀይ አይቶ «አይዟችሁ» ብሎ ይሄዳል። የክፍላቸው ልጆች ደግሞ «የ‹አልቻልንም› ኤግዚቢሽን!» እያሉ ተሳለቁ። ራዲዮ ሌላ ቀን ቢሆን አፍ አያስከፍታቸውም ነበር። ዛሬ ለእያንዳንዱ ጠያቂ፣ ሠርቷል ብሎ እንደነበረና እንዳልሠራ ነገረ። እናቱ ከጎረቤቷ ጋር ስትመጣም ነገራት፤ ጎረቤቷ እየሰማች። እናቱ ፊቷ ተለዋወጠ። «ቤት እንነጋገራለን» አለች። ከዚያ ግን አልሄደችም፤ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና «እስቲ የተሠራውን አሳየኝ» አለችው።

አክስቷ ወደ መጨረሻው መጣች። ስሟን ጻፈች፣ ቀዩን አየች። ሚጢጢ ትናንት ገጹ ያሳየውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

«ትናንት እንደዚያው ብትሰኪልኝ ኖሮ...» አለች አክስቷ፤ አልጨረሰችውም። ቦርሳዋን አነሳች። «ሲያልቅ ጥሪኝ፤ ያኔ አየዋለሁ።» እሰካዋለሁ አላለችም። ሚጢጢም አልለመነቻትም።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጠረጴዛ የሚያነሱት ሠራተኞች ከወዲያኛው ጫፍ ጀመሩ። ራዲዮ ገመዱን እየጠቀለለ ቆየ።

«ከሌላ ሰው ጋር ብትሠሪ አልቀየምሽም» አለ መሬት መሬት እያየ።

ጠዋት አስባው ነበር። እንደ ድሮው ዓይኗን ጨፍና የምታምነው አይመስላትም፤ ይህን እሱም ሳያውቅ አይቀርም። ግን ቀኑን ሙሉ፣ ያንኑ አሳፋሪ ነገር ለመጣው ሁሉ ደጋግሞ ሲናገር አጠገቡ ቆማ ሰምታዋለች።

ሚጢጢ ላፕቶፑን መልሳ ከፈተችው። ሁለተኛ ወንበር ጎተተች።

«ሰርቨሩን የሚጠይቀውን ክፍል እንደ አዲስ ጻፈው» አለችው። «አትላክልኝ። እዚሁ ጻፈው፤ እኔ አያለሁ።»

«አሁን?»

«ጠረጴዛችን ጋ እስኪደርሱ ጊዜ አለን።»

ራዲዮ ገመዱን አስቀምጦ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን መስመር ጽፎ ዞር ብሎ አያት። ሚጢጢ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ የጻፈውን ፊደል በፊደል እያነበበች ነበር።