ሦስተኛው ቀዳዳ

«ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ ክተቺው» አለ አባቷ ከወንበሩ ሳይነሣ። «መካከለኛው አይደለም፤ ሦስተኛው።»

ልጅቷ ካቻቢቴውን እንደያዘች ቆም አለች። ዋናውን ማጥፊያ አጥፍታለች፤ ከግድግዳው የወጡትን ሁለት ሽቦዎች ጫፋቸውን ልጣ አንደኛውን በመጀመሪያው ቀዳዳ አስራለች። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ለቀሪው ሽቦ የሚያሳየው ግን መካከለኛውን ነው።

«አባዬ፣ ወረቀቱ እኮ...»

«ወረቀት! እኔ ይህን ሥራ ስጀምር ወረቀቱን የጻፈው ሰው ገና ዳዴ ይል ነበር። እሰሪ አልኩሽ፣ የኔ ኢንጂነር!»

ሣቀች። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ተቆጥቶ አያውቅም፤ ቁጣው ናፍቋት ነበር።

ስትሮክ ቀኝ እጁን ከያዘው ስምንት ወር ሆኖታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሥጋ ማከማቻ ቀዝቃዛ ክፍሎችን ሲዘረጋና ሲጠግን የኖረ ባለሙያ ነው። ባለፈው ሳምንት የድሮ አለቃው ሊጠይቁት መጥተው፣ «እጅህ ቢደክም አእምሮህ አለ፤ ቁጭ ብለህ ጀማሪዎቹን አሠራልኝ» አሉት። ሲወጡ ግን ልጅቷን በሩ ላይ ለብቻዋ ጠርተው፣ «የኤሌክትሪክ ነገር ቀልድ አይደለም። አንድ ሥራ አብራችሁ ሞክሩና እውነቱን ንገሪኝ» አሏት። እሷም ነገሩን ለአባቷ አልደበቀችም፤ የተበላሸውን የቤት ማሞቂያ ቴርሞስታት፣ እንደ ሙቀቱ የሚያበራና የሚያጠፋውን ዕቃ፣ ራሳቸው ሊቀይሩ የተነሡት ስለዚህ ነው።

ዕቃውን የመረጠው እሱ ነበር። ባለሱቁ በስልክ የሚታዘዝ አዲስ ሞዴል ሊያስይዛቸው ሲል፣ «ግድግዳዬ ውስጥ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ ያ ደግሞ ለራሱ ሌላ መስመር ይፈልጋል። ምን ላብላው? በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን አምጣ» ብሎ አፉን አስያዘው። ያን ቀን ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ከሱቁ ወጣች።

አሁንም አመነችውና ሽቦውን በሦስተኛው ቀዳዳ አሰረች። ሁለቱን ድንጋዮች ከተተች፤ ክዳኑን ገጥማ ኃይሉን መለሰች። ክፍሉ አሥራ አራት ዲግሪ ነው። ሃያ ላይ ሞላችው። ጠቅ አለ፤ ማሞቂያው ግን ጭጭ። ግራ ገብቷት ወደ አሥር ብትመልሰው ያ ዝም ያለ ማሞቂያ አጓርቶ ተነሣ።

«አባዬ፣ ተገልብጧል። ሲበርድ ይጠፋል፣ ሲሞቅ ይነሣል።»

«ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል?» አለ። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። «ሲሞቅ ካልተነሣ ሥጋው ይበላሽ?»

«የቱ ሥጋ?»

«ያ የተሰቀለው ነዋ!» በግራ እጁ ገርበብ ወዳለው መኝታ ቤት አመለከተ። «በሩንም ዝጊው፤ ቅዝቃዜው ወጥቶ አለቀ።»

ዞር ብላ አየች። በምስማር ላይ የተንጠለጠለው የትምህርት ቤት ልብሷ ነው።

 ሄዳ በሩን ዘጋች። ኃይሉን አጥፍታ ሽቦውን ከሦስተኛው፣ ከማቀዝቀዣው ቀዳዳ፣ ወደ መካከለኛው አዛወረች፤ እንደገና ሃያ ላይ ስትሞላው ማሞቂያው ተነሣ።

«አላልኩሽም?» አለ አባቷ፣ ፊቱ እየበራ። «ለአለቃዬ ደውይላቸው በይ። ሰኞ ሥራ ይገባል በያቸው። ደግሞ እኔን ደስ ይበለው ብለሽ እንዳታጋኚ፤ የሆነውን ብቻ ንገሪ።»

ስልኩን አንሥታ ወደ ደጅ አመራች። እሱ ሳይሰማ ብትናገር ይቀላል። አንድ ውሸት ብትናገር ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፤ የሥራ ልብሱ እኮ ታጥቦ ተተኩሷል። ግን ጀማሪዎቹ እጃቸውን ሽቦ መካከል ከትተው የእሱን ቃል ሲጠብቁ ታዩዋት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከደጁ ተመለሰች። ከአጠገቡ ተቀምጣ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሞክረነዋል» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። የአባቷን ግራ እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «ሰኞ አይመጣም።»