ከበሽሎ ማዶ የቀረው ስልቻ

የደምሌ ሬሳ የተገኘው ነሐሴ ዐሥር ቀን በጠዋት፣ ከመሻገሪያው ቁልቁል፣ በሽሎ የነቀለውን ግንድ በሚተፋበት ደለል ላይ ነው። እንዳይሰጥም ደረቱ ላይ የታሰረለት የፍየል ስልቻ እንዳለ ነበር። ነገር ግን ትንፋሹ ወጥቶ፣ ተጨማዶ ሆዱ ላይ ተለጥፏል።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ይሁኔ ሬሳውን አቅፎ ካለቀሰ በኋላ ተነሥቶ አሻጋሪውን ቻላቸውን አነቀው። ሰው ባይገላግል እዚያው ይጨርሰው ነበር። ገላጋዮቹም እንደ አገሩ ልማድ የከሳሽንና የተከሳሽን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ዳኛ እስኪመጣ ሁለቱን ቁራኛ አደረጓቸው። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል። ይሁኔ ግን ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም። እስከ ነገ ማታ ካልተፈረደልኝ ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ጥይት ነው ብሎ በሰው ፊት ማለ። ጊዜው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ይላል፤ በስማዳ ቆላ ያኔ የዳኛ ደጅ ሩቅ፣ ጥይት ግን ቅርብ ነበር።

የቻላቸው ሚስት አልጣሽ ዳገቱን በዝናብ ወጥታ ከዳኛው ከግራዝማች ፈንታው ቤት ስትደርስ ድምፅ አልቀራትም።

«ባሌ ሰው አሻግሮ እንጂ ሰው አስጥሞ አያውቅም። ነገ ማታ ይገድሉታል፣ ጌታዬ። ሦስት ልጅ ይዤ ወዴት ልግባ?»

ግራዝማች በቅሎ አስጫኑ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ዐሥር እርምጃ ላይ ያለ ሰው ለእሳቸው ጥላ ነው። አፍንጫቸው ግን እግዜር የዓይናቸውን የካሰበት ይመስል ነበር። ግራዝማች በአፍንጫቸው ይፈርዳሉ እያለ አገሩ ያማቸዋል፤ ከአጥር ውጭ ቆመው የማን ጠላ እንደሻገተ ይናገራሉ ይባላል። እሳቸውም አላስተባበሉም።

ካህናቱ ለፍትሐት ቆመው ሳለ ግራዝማች ከሬሳው አጠገብ ተንበረከኩ። ስልቻውን ፈትተው አንገቱን፣ ጠፍሩን፣ በእግሩ በኩል የተጣፈበትን ስፌት በጣታቸው ዳሰሱ። ቀጥለው የተረፉት ሰዎች የተሻገሩባቸውን ሦስት ስልቾች አስመጡ። የእያንዳንዱን እጥፋት በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው አሸተቱ። ከሦስቱ እጥፋት የረጋ ነጭ ቅቤ በጥፍራቸው ወጣ። ከሟቹ ስልቻ ነጭ ነገር አልወጣም። እሱን ደጋግመው አሸተቱት፤ ከዚያ በርኖሳቸው ሥር ከተቱትና ቅበሩት አሉ።

ከቀብር በኋላ ከሾላው ሥር ተቀምጠው ሰዎቹን ማነጋገር ጀመሩ። ጎርፉን የተሻገሩት ከአሻጋሪው ሌላ አራት ነበሩ፤ ሟቹ ደምሌ፣ ወንድሙ ይሁኔ፣ እኅታቸው አሰለፈች፣ እና ከሳይንት ወደ ድጓው ጉባኤ ወደ ቤተ ልሔም ይመለሱ የነበሩት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ። አሰለፈች ከወንድሞቿ ጋር በአባት እንጂ በእናት አትገናኝም፤ ያደገችውም ከወንዙ ማዶ ነው። የአባቷን ርስት ጠይቃ ለሰኞ ወገዳ ላይ ቀጠሮ ተይዞላታል። በነሐሴ በሽሎን የሚደፍር እብድ ወይም ቀጠሮ ያለበት ነው። ደምሌ እኅቱን ለችሎቱ ሊያደርስ ነበር ወንዙን የደፈረው፤ ይሁኔም ተከትሎት ነበር።

አሰለፈች የማዕበሉን ነገር ከመነሻው ተናገረች። በዋዜማው ማለዳ ከማዶው ዋሻ ተጠልለው ውሃው ጎደል እስኪል ጠበቁ። እሷም አሻጋሪውን እያገዘች አራቱን ስልቾች ቅቤ ስታሽ አረፈደች። ከሰዓት በኋላ ጎደል ሲል አራት ግንድ ላይ የበሬ ቆዳ በተወጠረባት ታንኳ ተጫኑ፤ ቻላቸው እየዋኘ ይጎትታል። መካከል ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ ከገደሉ ወርዶ ውሃውን እንደ ግድግዳ አቆመው፤ በረዶው ዓይን አያስገልጥም። ከላይ ደራሽ ጎርፍ መጣና ታንኳዋን ገለበጣት። ሁሉም በየስልቻው ተንጠለጠለ፣ ማዕበሉ ያነሣቸዋል፣ ይጥላቸዋል። ደምሌ አጠገቧ ነበር። ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራት፤ በሦስተኛው አፉ ውሃ ሞላበት።

«እጁን ይዤው ነበር፣ ግራዝማች» አለች። «ለቀቅሁት። አዙሪቱ ሲጎትተኝ ለቀቅሁት።»

ግራዝማች ለቅሶዋ እስኪያልፍ ጠበቁ። ከዚያ የደምሌን ስልቻ ማን እንዳሰረለት ጠየቋት።

«ይሁኔ ነው። ‹ወንድሜን ለማንም አላምንም› ብሎ በእጁ አሰረለት።»

መሪጌታ የቀመሱት ጥሬና ውሃ ብቻ ነው፤ በፍልሰታ ሱባኤ ስለያዙ ዘይት እንኳ አይቀምሱም፣ ይሁኔ ከስንቁ ኑግ ቢጋብዛቸውም እንቢ ብለዋል፤ ስንቃቸውም ሲታይ ያው ጥሬ ነው። በዋሻው የሰሙትን ሳይጨምሩ ተናገሩ። ደምሌ ሰኞ ችሎት ፊት አሰለፈች የአባቴ ልጅ ናት፣ አባቴ በሞት አልጋው ላይ ሲናዘዝላት ሰምቻለሁ ብዬ እመሰክራለሁ ብሎ ነበር። ይሁኔም ተነሥቶ የእኅቱን ትከሻ ሳመ። ሰላም መሰላቸው።

«እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ፤ መቼስ» አሉ ግራዝማች፤ ማንን እንደሆነ አልተናገሩም።

ቁራኞቹን ለየብቻ ማነጋገር አይቻልምና ቻላቸውና ይሁኔ ጎን ለጎን ቀረቡ። የቻላቸው ከንፈር በድብደባ አብጧል። ግራዝማች የሟቹን ስልቻ ሲያቀብሉት በጣቱ ዳሰሰና ደነገጠ።

«ይሄ የኔ ነው። ግን አሮጌው ነው። ስፌቱ ስለሚያፈስ አምና ከሥራ አውጥቼ ዋሻው ውስጥ ችካል ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለሰው አልሰጠሁም።»

ይሁኔ በሰው ሁሉ ፊት እማኝ ሁኑኝ አለ። አሮጌ ስልቻ አስይዞ ወንድሜን የገደለ በገዛ አፉ አመነ ብሎም አፈሙዙን አዞረ። አልጣሽ ዘላ በመካከላቸው ገባች። ቻላቸው አንገቱን ደፋ። ሰማዩ ሲጠቁር ተቻኩሎ እንደነበር፣ ስልቻው ሲያብረቀርቅ አይቶ የተቀባው መስሎት ነፍቶ ማቀበሉን ተናገረ። ጥፋቱ ይህ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን የሚያህለው ጥፋት ያለ አልመሰለውም።

«የቅቤው ቅል የት ነበር?» አሉ ግራዝማች።

«ከዚያው ከችካሉ አጠገብ ተሰቅሏል።»

ከዚያ ግራዝማች ያልተጠበቀ ነገር አደረጉ። ቅቤ ካወዛቸው ስልቾች አንዱን ብድግ አድርገው በየተራ ያዙልኝ አሉ። አሰለፈች ያዘች። መሪጌታም ያዙና ሲመልሱ እጃቸውን በሣር ጠረጉ፤ ፆም የአፍና የልብ ነው፣ እጅማ ይታጠባል አሉ። ይሁኔ የነጠላውን ጫፍ እጁ ላይ ጠቅልሎ በጨርቁ ያዘ።

«ምነው ልጄ፣ አስጠላህ?»

«ፍልሰታ አይደል፣ ግራዝማች? ለአሥራ ስድስት ልቆርብ ነው። ከነሐሴ አንድ ጀምሮ እጄ ቅቤ አልነካም።»

«እግዜር ይቀበልልህ» አሉት። ለዚያ ቀን አበቁ።

በማግሥቱ አገሩ ሁሉ በአውጫጭኝ ወንዙ ዳር ተሰበሰበ። የአውጫጭኝ ሕጉ የታወቀ ነው፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ከክቡ የሚወጣ የለም። በሽሎ ከትናንት ወዲያ ከነበረው አልተሻለም፤ ከላይ ነጎድጓድ ያጉረመርማል፣ ቡናማው ውሃ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርዳል። ግራዝማች ቻላቸውን ጠርተው በጆሮው ነገሩትና ጮክ ብለው ማዶ ደርሶ ይመለስ አሉ።

ይሁኔ ቋጠሮውን ጨበጠ። «ከሄደ አይመለስም። ዋሱ ማነው?»

አልጣሽ ተነሣች። የባሏን ነጠላ ከቋጠሮው ፈትታ የራሷን በቦታው ቋጠረችና ጠመንጃ ከያዘው ሰው አጠገብ ተቀመጠች።

ቻላቸው ራቅ ብሎ ወደ ላይ ወጣና ባዶ እጁን ገባ። ውሃው ወዲያው ቁልቁል ወሰደው፤ አንድ ግንድ ራሱን ሊመታው ሲል ጠለቀ። ሲወጣ ሩቅ ነበር። ከማዶው ድንጋይ ላይ ሲንጠለጠል ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ወደ ዋሻው ገብቶ ሲወጣ ግን ዝናቡ መጣና ማዶውን ጋረደው። ነፋሱ ውሃውን ከሥሩ ይገለብጠው ጀመር። አልጣሽ ስትነሣ ይሁኔም ሳይወድ ተነሣ። ጥምዝምዙን ውሃ ስታይ እግዚኦ አለች። የሄደውም የማይመለስበትን ነው ብላ ቆረጠች፤ ልጆቿን በየተራ በልቧ ጠራች። ከክቡ አንዱ ሸሸ አለ፤ ሌላው ኧረ ሰጠመ አለ።

ከዚያ ከማዕበሉ ሆድ ውስጥ አንድ ጥቁር የተነፋ ነገር ብቅ አለ። ጠፋና እንደገና ብቅ አለ። ቻላቸው ደረቱን ጥሎበት በእግሩ ብቻ ይታገላል፤ ማዕበሉ ሲደፍቀው ስልቻው መልሶ ያወጣዋል። ደለሉ ላይ ሲወድቅ አልጣሽ ይሁኔን እየጎተተች ሮጠች።

ግራዝማች ስልቻውን ተቀብለው ጫኑት። ትንፋሹ ጢም እንዳለ ነው። እጥፋቱን ጫሩት፤ ነጭ ቅቤ ወጣ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከአሮጌው ችካል ላይ ተሰቅሎ።» ያቃስት ነበር። «ለደምሌ የታሰበው ይህ ነው። በእጄ አሽቼዋለሁ።»

ግራዝማች ወደ ሰዉ ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ሰው ነው የቀረበው።

«ቻላቸው አሮጌውን በስስት ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ደህናው ስልቻ ቤቱ ወይም ትከሻው ላይ ይገኝ ነበር። የተገኘው ግን በአሮጌው ቦታ ተሰቅሎ ነው። ባዶ ችካል እንዳይታይ ያለዋወጠ ሰው አለ። አሮጌው ደርቆ ነበርና ያ ሰው እንዲያብረቀርቅ ቀባው። በምን ቀባው? የቅቤው ቅል አፍንጫው ሥር ተሰቅሏል። እሱ ግን ከስንቁ የኑግ ዘይት አውጥቶ ቀባ። እኔ ዓይን የለኝም፤ ኑግ ግን ይሸተኛል።

«ታዲያ ቅቤ አጠገቡ ሳለ ኑግ የሚያወጣ ማነው? ቻላቸው አይደለም፤ ከቅቤ ጋር የሚኖር ሰው ነው። አሰለፈች አይደለችም፤ ረፋዱን ስታሽ ነው የዋለችው፤ ደምሌ ከሞተ ደግሞ ምስክሯ ሞተ። መሪጌታ ስንቃቸው ጥሬ ብቻ ነው፤ ዘይት ከየት ያመጣሉ? ቅቤም በእጃቸው መንካት አልፈሩም። ሊቆርብ የተዘጋጀ፣ ስንቁ ኑግ ያለበት፣ ትናንት እኔ ፊት እጁን በጨርቅ የጠቀለለ አንድ ሰው ቀረ። የሟቹንም ስልቻ በእጁ ያሰረው እሱ ነው። ርስቱ ከሚካፈል ወንድሙ ቢሞት መረጠ። ያች እጅ ቅቤ ፈራች፤ ደም አልፈራችም።»

ከግራዝማች ጋር የመጡ ሁለት ነጭ ለባሽ ታጣቂዎች ጠመንጃውን ከይሁኔ ትከሻ ሲያወርዱ አልታገለም።

ቻላቸው ከመሬት ቀና አለ። «ግራዝማች፣ ያ አሮጌ ስፌት ቅቤ ቢታሽ ኖሮ፣ ቅቤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይረጋል፤ ይደፍነው ነበር። ኑግ ግን ይታጠባል። ቅቤ ቢሆን ደምሌ ዳር ይደርስ ነበር።»

ይሁኔ ጣቶቹን ተመለከተ። «ፆም ነበር» አለ።

ግራዝማች የአልጣሽን ቋጠሮ በእጃቸው ፈቱ። ከዚያ የደምሌን ደም የሚከስ ማነው ብለው ጠየቁ፤ ደም የሚከሰው የሥጋ ዘመድ ነውና። አሰለፈች ተነሣች። ነጠላዋ ገና እንደረጠበ ነው።

«እኔ ነኝ፤ እኅቱ።»

«ይሁኔ» አሉ ግራዝማች፤ «እኅቱ ካልሆነች ልትከስህ አትችልም። ይህች ሴት ማን ናት?»

አይደለችም ቢል ከሳሽ ላይኖርበት ነው፤ ወንድሙንም የገደለው ይህችን ቃል ላለመስማት ነበር። አሰለፈች መጥታ ፊቱ ቆመች፤ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጠበቀች። ፊቷ የአባቱ ነበር፤ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

«የአባቴ ልጅ ናት» አለ። «ሲናዘዝላት እኔም ነበርኩ።»

ነጠላዋን ከነጠላው ጋር ቋጠረች። ቻላቸውና አልጣሽ ተደጋግፈው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። ሁለቱ ቁራኞች ደግሞ በዝናቡ ውስጥ እሷ ቀድማ፣ እሱ ተከትሎ፣ የወገዳን ዳገት ተያያዙት።