የኢሽቤል ዘንግ ያዥ

«ጭንቅላቴን እንደ በር ነው እንዴ የምታንኳኳው!»

ኢሽቤል ለስትሩዋን የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር፣ ልጆቼ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም። ዓይነ ስውር ዋናተኛ ደግሞ ግድግዳው መቅረቡን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። ሰውየው ገንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ለስላሳ ኳስ በታሰረበት ረጅም ዘንግ ራሷን ነካ ያደርጋታል፤ ያኔ ትታጠፋለች። ከዘገየ ከግድግዳው ትላተማለች።

«ይቅርታ እመቤቴ... እኔ የለመድኩት ዓሣ ነው፤ ዓሣ ደግሞ አይጮህም» አላት። በስኮትላንድ፣ አርብሮዝ ወደብ፣ በአክስቱ ዓሣ ማጨሻ ቤት ነበር የሚሠራው።

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዘንግ ያዥ አልፈልግም አለች። በየማለዳው አብረው ወደ ገንዳው ይመጣሉ፤ ከልምምድ በኋላ ኮምጣጤ የተረጨበት የተጠበሰ ድንች ከአንድ ወረቀት ላይ ይሻማሉ። ሻምፒዮን ሆነች፤ የስኮትላንድን ቡድን የዋና ቆብ አጠለቀች። ፍቅራቸውን ግን አንዳቸውም አፍ አውጥተው አልተናገሩትም።

ለትልቁ የአገሮች ውድድር ማጣሪያው ደረሰ። ኢሽቤል እየመራች ሳለ፣ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ዘንጉ ዘገየ። በሙሉ ኃይሏ ከግድግዳው ጋር ተላተመች፤ ጣቶቿ ተሰበሩ።

ዋዜማውን ስትሩዋን በጓደኛው ሠርግ ላይ ነበር ያመሸው።

«ጠጥተህ ነበር?» አለችው፣ እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ።

ስትሩዋን ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«ተናገር እንጂ!»

«አዎ... ጠጥቼ ነበር። ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«አንተን እኮ ዓይኔ አድርጌህ ነበር!»

ተለያዩ። ጣቶቿ ዳኑ፤ በሌላ ዘንግ ያዥ ዳግመኛ ተፈትና አለፈች። ደስታው ግን አልጣማትም።

አንድ ቀን የስትሩዋን አክስት፣ ሴንጋ፣ ገንዳው ድረስ መጣች።

«ስሚ አንቺ ልጅ፣ ሐሜት አልወድም። ግን ያ ጅል እየሞተብኝ ነው። ሠርጉ ላይ ብርጭቆ መያዝ አቅቶት መጠጡን የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ደፋው እንጂ መች ቀመሰው! ነርቭ የሚያደክም በሽታ ነው። ለእሱ ብለሽ ዋናሽን እንዳትተዪ ነው የዋሸሽ።»

ኢሽቤል ፀጉሯ ሳይደርቅ ወደ ስትሩዋን ቤት ሄደች። እጁን ፈልጋ ያዘችው። ይንቀጠቀጣል...

«ለምን?»

«ከምታዝኚልኝ ብትጠዪኝ ይሻላል ብዬ።»

«ጠልቼህ ነበር። እየጠላሁህም ትናፍቀኝ ነበር፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ዋናሽን ትተሽ ልታስታምሚኝ ከሆነ በሩን እዘጋብሻለሁ።»

«እዋኛለሁም፣ አገባሃለሁም። ደግሞስ በየትኛው እጅህ ነው በሩን የምትዘጋው?»

ስትሩዋን ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ።

በበጋ ተጋቡ። ወዲያው ለውድድሩ ሄደች፤ ከገንዳው እንደወጣች ደወለችለት።

«አራተኛ ወጣሁ...»

«በቴሌቪዥን... አየሁሽ» አለ፤ ምላሱ መክበድ ጀምሯል። «የቀደመችሽ ልጅ... ክንዷ የቀዛፊ ነው።»

«ሜዳሊያ አላመጣሁልህም። ቅር አለህ?»

«አገሩ ሁሉ ሚስቴን... ሲያያት ዋለ። ምን ቅር ይለኛል? ነይ በቃ።»

የመዝጊያውን በዓል ሳትጠብቅ ባቡር ተሳፈረች። አንድ መከር አብረው ኖሩ። የገና በዓል ሳይደርስ ስትሩዋን አረፈ።

ዛሬም የወደቡ ሰዎች ይጠይቋታል፤ «ያን ጊዜ ልብሽ ሁለት ቦታ ባይሆን ኖሮ ሜዳሊያው ያንቺ ነበር። አይቆጭሽም?»

«ባሌን ሳልጠላው ቀበርኩት» ትላለች። «ለእኔ ይበቃኛል።»